የወንዳፈረው እንግሊዝኛ

ጣልያን ከመምጣቱ ሁለት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሆሳዕና ከተማ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ተብሎ ቢጠየቅ፣ አለ፤ የኬላው ጸሐፊ አቶ ወንዳፈረው። ሁለተኛ የለም። እውነቱ ይነገር ከተባለ ግን ወንዳፈረው የሚያውቀው አንድ ቃል ነበር። እሱም «ጌት» ነው።

ቃሉን ያገኘበት መንገድ ራሱ ወሬ ነው። አንድ ፈረንጅ ሰባኪ ወደ ዱራሜ ሊሻገር ሲል ክረምቱ ያዘውና ከኬላው አጠገብ ጎጆ ይዞ ተቀመጠ። ወንዳፈረው አማርኛ ሊያስተምረው፣ እሱም በምላሹ እንግሊዝኛ ሊያስተምረው ተስማሙ። ፈረንጁ አማርኛውን እንደ ውሃ ጠጣው። ወንዳፈረው ግን ከመጀመሪያው ትምህርት ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። ሰባኪው በመጀመሪያው ቀን «ይህን አንድ ግሥ የያዘ ሰው በአገራችን አይራብም» ብሎት ነበርና እሱን ብቻ ጨብጦ ከረመ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። መስከረም ሲጠባ ፈረንጁ መንገዱን ቀጠለ፤ ወንዳፈረው ከነቃሉ ቀረ።

ቃሉስ ቢሆን እንዲህ በዋዛ የሚያልቅ አልነበረም። ወንዳፈረው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ፀሐይ እየሞቀ ያስረዳ ነበር። «ጌት ማለት ማግኘት ነው። ግን ማግኘት ብቻ እንዳይመስላችሁ! ከመኝታህ ስትነሣ ጌት ነው። ከቤት ስትወጣ ጌት፣ ስትገባም ጌት። ውሃ አምጣ ስትል ጌት። ሚስት ስታገባ ጌት፣ ስትታመም ጌት፣ ስትድን ጌት፣ ስታረጅም ጌት። ነገር ሲገባህ እንኳ ገባኝ የምትለው በሱው ነው።» ሰዉ አፉን ከፍቶ ይሰማዋል። «ታዲያ ፈረንጆቹ ሌላውን ቃል ሁሉ ለምን አበጁት?» ብሎ የሚጠይቅ ቢገኝ ወንዳፈረው በአዘኔታ ያየውና ወደ ሌላ ወሬ ይሻገራል።

ባፈና የሚባል ጎረቤት ነበረው፤ ከከተማው ዳር ፎንቆ መንገድ ላይ የሚኖር የሀዲያ ገበሬ። አንድ ቀን ይህን ሁሉ ሲሰማ ቆየና «እንሰት ነው በሉኛ!» አለው። «የኛ እንሰት እንደዚያ ነው። ቆጮውን እንበላለን፣ ቃጫውን እንገምዳለን፣ ቅጠሉን እናነጥፋለን፣ ላም ትበላዋለች፣ ዝናብ ሲመጣ ራስ ላይ እንደፋለን።» ወንዳፈረው ተደነቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእንሰቱን ነገር የራሱ ግኝት አስመስሎ ያወራው ጀመር፤ ባፈናም አልተቀየመውም።

ቃሉን ከሁሉ ይልቅ ሥራ ላይ ያዋለችው ግን ሚስቱ እህተማርያም ናት። እህተማርያም በሰው ፊት አንቱ፣ ለብቻቸው ሲሆኑ አንተ የምትለው ሳቂታ ሴት ነበረች። ጠዋት ጋቢውን ገፍፋ «ጌት!» ትለዋለች። ዶሮ የተሰጣ እህል ላይ ሲወጣ «ጌት! ጌት!» እያለች ታባርራለች። ወጥ ቀምሳ ሲጣፍጥላት «ጌት» ትልና በራሷ ቀልድ ትስቃለች። ሌላ ሰው ቢሆን ቃሉን አዋረድክብኝ ብሎ በተቆጣ ነበር፤ እሷ ስትሆን ግን ልቡ ቅቤ ይጠጣል። ይወዳት ነበር። ይህን ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ ነግሯት አያውቅም።

ዝናው እየሰፋ ሄደ። አንድ ነጋዴ ከጃጁራ ገበያ ጽሑፍ ያለበት የቆርቆሮ ጣሳ ይዞለት መጥቶ «ምን ይላል?» ቢለው፣ ወንዳፈረው አገላብጦ አየና «ከእሳት አርቁ ይላል» አለው። ከእሳት ባራቁት ነገር ማን ይጎዳል? ነጋዴው መርቆት ሄደ። ስንቅና ሐሰት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የወንዳፈረው ግን እያደር ከበደ፤ ብቻውን አልተሸከመውማ! ከተማው ሁሉ «የኛ ወንዳፈረው እያለ» እያለ አብሮት ተሸክሞታል። ከእንግዲህ «ኧረ እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም» ቢል እንኳ ትሕትና ነው እንጂ እውነት ነው ብሎ የሚቀበለው አልነበረም።

በዚህ መሃል እህተማርያም ታመመች። የአምስት ወር ጽንስ ወረደባት፤ ከዚያ ወዲያ ትኩሳቱ አልለቃትም። ሆዷ ተነፋ። ጸበል ተጠመቀች፣ ቅጠል ተቀጥቅጦ ጠጣች፤ ምንም ጠብ የሚል ነገር የለም። እናቷ ወይዘሮ ዘርትሁን ከአልጋዋ ሥር አልነሣ አሉ። የነፍስ አባቷ መምሬ ወልደ ሰንበት ደግሞ ዶዮገና አዲስ ለተሠራው ቤተ ክርስቲያን ታቦት ሊያስገቡ ከሄዱት የከተማው ካህናት ተነጥለው ስለ እሷ ብቻ ቀሩ። ቀሩ እንጂ ከቤት አልገቡም። የነፍስ አባት ከበሽተኛ ራስጌ ተቀምጦ ሌላው ሰው ውጣ ከተባለ ያ በሽተኛ የሚሞት መሆኑ ተነገረው ማለት ነው። ስለዚህ መምሬ ከግቢው በር ጥላ ሥር መስቀላቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ ለእሷ ግን «ለጸሎት ነው የመጡት» ተባለች። ተስፋው ከተቆረጠ ገብተው ንስሐዋን ይቀበላሉ፤ ካልተቆረጠ ጓደኞቻቸውን ተከትለው ይሄዳሉ።

ባፈና እየሮጠ የመጣው በዚያ ጠዋት ነው።

«አቶ ወንዳፈረው! ፈረንጅ ሐኪም ከወንዙ ማዶ ድንኳን ተክሏል። ከሶዶ መጥቶ አዲስ አበባ ይሄዳል። አሁን እየጫኑ ነው!»

ወይዘሮ ዘርትሁን እንደ ልጅ ዘለው ተነሡ። «እግዚአብሔር ባወቀ ነው ለዚች ቤት እንግሊዝኛ የሰጣት! ሂድ ልጄ፣ ሂድ አንተ ትችለዋለህ!» በግቢው የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ወንዳፈረው ዞረ። አልችልም ቢል ጊዜው ያልፋል፤ እችላለሁ ቢል ውሸት ነው። ካባውን ደርቦ ከባፈና ጋር ወጣ። በመንገድ ሁሉ ቃሉን በልቡ ሲደጋግም፣ ያችን ቃል የሚያስጠጋባት ሌላ ቃል ፍለጋ ጭንቅላቱን ሲበረብር ከወንዙ ማዶ ደረሰ።

አጉል ቀን ነበርና የሐኪሙ አስተርጓሚ ጭነቱን ይዞ ቀድሞ ሄዷል። የቀሩት ከወላይታ የመጡ ጫኞች ነበሩ፤ አማርኛቸው ከሰላምታ አያልፍም። ሐኪሙ በሣጥን ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል። ቀና ብሎ ወንዳፈረውን አየና ፈገግ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀው።

«ጌት» አለ ወንዳፈረው።

ሐኪሙ ጠበቀ። የቀረውን ሊሰማ ፈልጎ ጆሮውን ሰጠው።

«ጌት አፕ» አለ ወንዳፈረው። ከዚያችው ቃል ጋር ተጣብቆ ከሰባኪው የሰማው ነው፤ ተነሥ ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። ትልቅን ሰው በተቀመጠበት ሄዶ ተነሥ ማለት ነውር እንደ ሆነም ያውቃል። ግን «እባክዎ»ን አያውቀውም። «ሚስቴ»ን አያውቀውም። «ልትሞትብኝ ነው»ን አያውቀውም። ሐኪሙ ፈገግታው ጠፋ፤ ግንባሩን ቋጠረና ወደ ጫማው ተመለሰ። ጫኞቹ በቅሎዎቹን መፍታት ጀምረዋል። ወንዳፈረው ዙሪያውን ቢያይ የሚረዳው የለም። ያ ሁሉ እሑድ የተሰበከለት ቃል እንደ ባዶ አቁማዳ ከእጁ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ያን ጊዜ የሆሳዕና ኬላ ጸሐፊ፣ ነጭ ሸማ የለበሰ፣ ካባ የደረበ፣ እዚያ ጭቃ ላይ በጀርባው ተጋደመ። ሆዱን በሁለት እጁ ያዘ። አቃሰተ። በእጁ በደረቱ ላይ የሴት ጡት ሠራ፤ ወደ ከተማው ጠቆመ፤ ደግሞ አቃሰተ። ጫኞቹ ሳቁ። እሱ ግን አላቆመም፤ እንባው መጥቶ ጆሮው ውስጥ እስኪገባ ድረስ አላቆመም። ሐኪሙ ተነሣ፤ ጫኞቹን በቁጣ ዝም አሰኛቸው፤ ቦርሳውን አንሥቶ ወንዳፈረውን በክንዱ ደግፎ ከጭቃው አቆመው።

ባፈና በመንገድ ላይ የካባውን ጭቃ በሣር ሲጠርግለት መጣ። ከተማ ሲደርሱ ሕዝቡ ያየው ሌላ ነበር። ያየው ወንዳፈረው ከፊት፣ ፈረንጁ ሐኪም ከኋላው ተከትሎት ሲመጣ ነው። «በእንግሊዝኛ አመጣው!» ተባለ። መምሬ ወልደ ሰንበት ሳይቀሩ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው «ይባርክህ» አሉት። ወንዳፈረው መሬት መሬት እያየ ገባ።

ሐኪሙ እጁን ታጥቦ እህተማርያምን ብዙ ጊዜ ወስዶ መረመራት። ሆዷን ሲነካት ጮኸች። የዓይኗን ቆብ ገልብጦ አየ፣ የእጇን ትርታ ያዘ። ከዚያ ወንዳፈረውን ከአጠገቡ አስቀመጠና ይነግረው ጀመር። በዝግታ፣ በለሆሳስ፣ ዓይን ዓይኑን እያየ ነገረው። ወንዳፈረው ጆሮውን አቁሞ ቃሉን ጠበቃት። መጣችም፤ ግን በማያውቃቸው ቃላት መሃል ብቻዋን ሽው ብላ አለፈች፤ ምንም አልነገረችውም። ሐኪሙ እንዳልገባው ሲያውቅ ንግግሩን ተወ። ወደ ሕመምተኛዋ አየ፤ ወደ ባሏ አየ፤ ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀ። ጋቢዋን እስከ ደረቷ ሳብ አድርጎ አለበሳት። ከዚያ እጁን ወንዳፈረው ትከሻ ላይ ጣለና ጠበቅ አድርጎ ያዘው፤ ቶሎም አልለቀቀውም።

ይህስ ቋንቋ አያሻውም።

«ምን አለ?» አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን።

በደጃፍ የተኮለኮለው ሰው አንገቱን አሰገገ። እህተማርያምም ከአልጋዋ ላይ እያየችው ነው። በአገራችን መርዶ እንኳ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰው ደግፎ ይነገራል፤ በሕይወት ላለች፣ ዓይኗን ከፍታ ለምታይ ሴት በፊቷ «ተስፋ የለሽም» የሚል ባል ከየት ይመጣል? ደግሞስ ሐኪሙ እንደዚያ ማለቱን በምን ያውቃል? የሰማው ነገር የለም! «አልገባኝም» ሊል አፉን ከፈተ።

«ልጄ፣ ምን አለህ እኮ?»

«ትድናለች አለ» አለ ወንዳፈረው።

ወይዘሮ ዘርትሁን እልልታውን አቀለጡት። ደጅ ያለው ተቀበላቸው። ሐኪሙ ደንግጦ ዙሪያውን አየ፤ ሴቶቹ ጉልበቱን ሊስሙ ሲንበረከኩለት እጁን እያወናጨፈ ሊከለክላቸው ሞከረ፤ ወደ ወንዳፈረው ዞሮ ጮክ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። ወንዳፈረው አንገቱን አቀረቀረ። ሐኪሙ በመጨረሻ ነጫጭ ክኒኖች በወረቀት ጠቅልሎ አልጋው ራስጌ አኖረ፤ ሕመምተኛዋን ግንባሯን ዳሰሳትና አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ወንዳፈረው ሊከተለው ደጅ ሲወጣ ወይዘሮ ዘርትሁን ከመምሬ ወልደ ሰንበት ፊት ቆመዋል።

«አባቴ፣ እንግዲህ ይሂዱ፤ በኛ ምክንያት ታቦቱ ሳያገኙት ይገባል። ዳነችልኝ! ሲመለሱ ራሷ ቆማ ትቀበልዎታለች።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ መምሬ። በቅሏቸው ተጭናለች። ወንዳፈረውን ሲያዩት ጠሩት። «ና ላሳልምህ። እኔ ይህን የፈረንጅ ቋንቋ ነገር ብዙም አልወደው ነበር፤ ዛሬ ግን ለነፍስ ደረሰ። ምን ሆነህ ነው የምትንቀጠቀጠው?»

«ደ... ደስታ ነው፣ አባቴ።»

ወንዳፈረው ይቆዩ አላላቸውም። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ያውም የገዛ አማርኛው። ነገር ግን መምሬ ይቆዩ ማለት ትሞታለች ማለት ነው፣ ትሞታለች ማለት ዋሸሁ ማለት ነው፤ ወይዘሮ ዘርትሁን ደግሞ ከአጠገቡ ቆመው በነጠላቸው ጫፍ የደስታ እንባቸውን ይጠርጋሉ። መምሬ መስቀሉን አሳለሙት፣ በበቅሏቸው ተቀመጡ፣ ሄዱ። ወንዳፈረው ጥምጥማቸው ከአቀበቱ ጀርባ እስኪሰወር ቆሞ አየ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት እንዲህ ላለው ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እህተማርያም ባሰባት። ወይዘሮ ዘርትሁን ለስለት የሚሆን ጧፍ ፍለጋ ጎረቤት ሄደው ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

«ወንዴ» አለችው። «እናቴ የለችም?»

«የለችም። ክኒኑን ልስጥሽ?»

«ተወው። ሐኪሙ ምን አለህ?»

«ነገርኩሽ እኮ፣ ት...»

«ወንዴ።»

ወንዳፈረው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «አልገባኝም» አለ። «አንዲት ነገር አልገባኝም፣ እህቴ። ፊቱን ግን አየሁት።»

«እኔም አይቼዋለሁ» አለች።

«አይተሽ ነው? ታዲያ መምሬ ሲሄዱ ለምን ዝም አልሽ? ጥሩልኝ አትይም ነበር?»

እህተማርያም ትንፋሽ እስክትሰበስብ ቆየች። «እናቴ እልል እያለች? ሰዉ ሁሉ ስምህን እየጠራ? መምሬን ጥሩልኝ ማለት እኮ ባሌ ዋሽቷል ብሎ በአደባባይ መጮህ ነው። አልሆነልኝም። እስኪመለሱ እቆያለሁ ብዬ ነበር...» ዓይኗን ጨፈነች። «የምቆይ አይመስለኝም።»

ወንዳፈረው እየተደነቃቀፈ ወጣ። ባፈና አጥሩ ሥር እንደ ተቀመጠ ነበር። ብዙ ማስረዳት አላስፈለገም። «ዶዮገና ሩቅ ነው» አለ ባፈና። «ሲነጋ እደርሳለሁ። ከመምሬ ጋር ስንመለስ ግን...» የቀረውን ሳይናገር በቅሎውን ሊጭን ሄደ።

ወንዳፈረው ተመልሶ ገባ። እጇን ያዘ፤ ይፋጃል። «ለእኔ ንገሪኝ» አላት። «የሚከብድሽ ነገር ካለ ለእኔ ንገሪኝ፤ ለመምሬ አደርስልሻለሁ። ቃል በቃል አደርስልሻለሁ።»

እህተማርያም አየችው። ምን ያህል እንዳዘነችለት ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር፤ የምትሞተው እሷ ሆና ያዘነችው ለእሱ ነው። «ላንተ የሚነገር አይደለም» አለች። «ላንተ የሚነገር ቢሆን ድሮ ነግሬህ ነበር።» ከዚያ በኋላ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ታየ፤ ጆሮውን ቢያስጠጋም የሰማው ነገር አልነበረም። ጎሕ ሳይቀድ አረፈች።

መምሬ ወልደ ሰንበት ከባፈና ጋር በላብ ተጠምቀው የደረሱት በማግሥቱ አመሻሽ ላይ፣ ቀብሩ እሳቸውን ሲጠብቅ ነው። ፍትሐቱን ሲያደርሱ ድምፃቸው ተቆራረጠ። ከቀብር ሲመለሱ ወንዳፈረውን ጥግ አስይዘው «የያዘችው ነገር ነበራት፤ ልትነግረኝ ጀምራ ያቆየችው ነገር ነበራት» አሉት። ተቆጥተውት አልነበረም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

በሠልስቱ ዳሱ ውስጥ ሕዝቡ ጥቅጥቅ ብሎ ተቀምጧል። አልቃሽዋ ስለ እህተማርያም ሳቅና ስለ እጇ ሙያ ካወረደች በኋላ ወደ ወንዳፈረው ዞራ፣ ለሚስቱ ሲል የፈረንጅ አገር ቋንቋ የተናገረ፣ ባሕር ማዶ ያለውን ሐኪም በቃሉ ያስመጣ ባል እያለች አወደሰችው፤ ሰዉም ደረቱን እየደቃ አለቀሰ። ከወንዳፈረው አፍ እውነት የሚወጣ ቢሆን በዚያ ሰዓት በወጣ ነበር። ተነሥቶ «ውሸት ነው!» ሊል ሁለት ጊዜ ጉልበቱን ሰበሰበ። ሁለት ጊዜም አጠገቡ የተቀመጡት ሰዎች ኀዘን የጣለው መስሏቸው ክንዱን ይዘው አስቀመጡት።

ልቅሶው በረድ ሲል ወይዘሮ ዘርትሁን ከሴቶቹ መሃል ወጥተው አጠገቡ መጡ። ከል ለብሰው፣ ፊታቸውን ተልትለው፣ በሦስት ቀን ውስጥ አሮጊት ሆነዋል። እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አንተ የምትችለውን አድርገሃል፣ ልጄ» አሉት። «የገደለኝ ያ ፈረንጅ ነው። ትድናለች ባይለን ኖሮ መምሬን አላሰናብታቸውም ነበር። የልጄን ነፍስ በውሸቱ አስቀረብኝ። መመለሻው በዚሁ ነው ይላሉ። ሲያልፍ ጠብቀህ ያዝልኝና፣ በገዛ ቋንቋው፣ ዓይኑን እያየህ፣ አንተ ውሸታም በልልኝ። ሌላ የምለምንህ የለም።»

ወንዳፈረው የእናቷን እጅ ሳመ።

«እሺ፣ እማማ» አለ።